ተመራቂዎች፣ እባካችሁ ስላይድ ይዛችሁ አትምጡ

ኤ_ዜሮ
ሰላም ለሁላችሁ። አርክቴክቸር አራተኛ ዓመት ነኝ። ክበባችን የዘንድሮውን የተመራቂዎች ቀን (ቀድመው ተመርቀው የወጡት የሚጋበዙበትን) የማዘጋጀት ሥራ በእኔና በጓደኞቼ ጫንቃ ላይ ጥሎታል። ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ሐሳብ ልሰብስብ ብዬ ነው።

የተለመደውን ታውቁታላችሁ። አዳራሽ ይሞላል። ስም ያወጣ ተመራቂ ይመጣል። ከዚያ ስላይድ ነው። ሕንፃው በማታ መብራት፣ ሕንፃው ከድሮን፣ ሕንፃው ፊት ለፊቱ አንዲት ሴት ብስክሌት እየነዳች። መጨረሻ ላይ «በርቱ፣ ህልማችሁን አትልቀቁ» ይባላል። ጭብጨባ፣ የቡድን ፎቶ፣ በቃ። እኛም ወደ ስቱዲዮ ተመልሰን ደረጃው ለምን ከምሰሶው ጋር እንደሚጋጭ ማሰላሰላችንን እንቀጥላለን።

ያ ሕንፃ እንዴት እንደተሠራ ግን ማንም አይነግረንም። መጀመሪያ ምን ይመስል ነበር? ማን ምን አስቀየረው? ኢንጂነሩ ምሰሶ የት ላይ ደነቀረበት? ገንዘብ ሲያጥር ምን ተቆረጠ?

የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ስላይዱ ይቅር። ወርኪንግ ድሮዊንጉን፣ ሕንፃው የሚገነባበትን ዝርዝር ሥዕል፣ ጠቅልላችሁ ኑ። ቀይ እስክርቢቶ የጎበኘውን፣ ሳይት ላይ ጭቃ የነካውን ኮፒ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን እናንብበው። ምን ትላላችሁ? ተማሪም ተመራቂም ይመልስልኝ።

ፎም_ቆራጭ
እጄን አውጥቻለሁ። ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ለእኔ ግድግዳ ማለት እስካሁን ሁለት ትይዩ መስመር ነው። መሃሉን ሀች አድርጌ፣ በሰያፍ መስመር ሞልቼ፣ አልፋለሁ። ውስጡ ምን እንዳለ፣ ከጣሪያው ጋር እንዴት እንደሚገናኝ የሚያሳየኝ ሰው ከመጣ የፊት ወንበር የእኔ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ያሰጋኛል። 80 ሉህ ቢዘረጋብኝ ከየት እጀምራለሁ? ማንበብ ላልለመደ ሰው አይሰለችም ወይ?

የድሮ_ቲስኩዌር
ልጆች፣ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። በእርሳስና በቲ-ስኩዌር ማስመሪያ ከተመረቁት ወገን ነኝ። ግን ስላይድ የምናመጣው ሰንፈን ብቻ አይደለም። ድሮዊንጉ የእኔ ብቻ አይደለማ። ደንበኛ አለ፣ ቢሮ አለ፣ ውል አለ። የሰው ቤት ፕላን የትኛው በር ወደየት እንደሚከፈት፣ ካዝናው የት እንደሚቀመጥ ጭምር ይናገራል። ስለዚህ ባለቤቱን ማስፈቀድ፣ ስምና አድራሻውን መሸፈን የግድ ነው። ይህን ግብዣው ላይ ጻፉት። ሰው «አልችልም» የሚለው ብዙ ጊዜ እንዴት እንደሚችል ስላልተነገረው ነው።

ለፎም ቆራጭ፦ 80 ሉህ ምን ያደርግልሃል? አንድ ሉህ ይበቃል። እኔ ምረጥ ብባል የመስኮት ሴክሽን (ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ውስጡ የሚታይበት ሥዕል) ነው የማመጣው፣ በ1 ለ5 ስኬል። የመስኮቱ የታችኛው ደፍ ከግድግዳው ጥቂት ሴንቲሜትር ወጣ ይላል። ወደ ውጭ ያዘነብላል። ከሥሩ፣ ከጫፉ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ጣት የማያስገባ ጠባብ ቦይ አለ። ተማሪ አይቶት ያልፋል። ያ ቦይ ከሌለ ግን የዝናቡ ውሃ የደፉን ሆድ ተከትሎ ይመለስና ግድግዳው ላይ ይወርዳል። ጥቂት ዝናብ እንደጠገበ ከየመስኮቱ ሥር ጥቁር ጺም ይበቅላል። ያ ሁሉ የሚያምር ፎቶ የተነሣው ጺሙ ከመብቀሉ በፊት ነው።

በዚያች ቦይ ላይ ብቻ አንድ ሰዓት ማውራት ይቻላል።

ኤ_ዜሮ
ጋሼ፣ ይሄን ነበር የምለው! ስለ ፈቃዱ የነገሩኝን አላሰብኩበትም ነበር፤ ግብዣው ላይ እንጽፈዋለን። እርስዎ ይመጣሉ ብዬ ልያዝ?

የድሮ_ቲስኩዌር
ያዢኝ። ሰፊ ጠረጴዛ ብቻ አዘጋጂልኝ። ኤ-ዜሮ ሉህ 841 በ1189 ሚሊ ሜትር ነው። ስሙን ለራስሽ ካወጣሽ አይጠፋሽም።

አዲስ_ቢሮ
እኔ በቅርቡ ነው የተመረቅሁት። ልናገር ካላችሁኝ፣ አንጋፋዎቹን ብቻ አትጥሩ። አንጋፋው ቢሮ ሲገባ የተሰማውን ረስቶታል። እኛ ግን ገና ትኩስ ነን።

ስቱዲዮ ውስጥ ሙዚየም ስነድፍ ከረምኩ። ቢሮ ስገባ የተሰጠኝ የበር ሠንጠረዥ ነው። አዎ፣ የበሮች ዝርዝር። እያንዳንዱ በር ቁጥር አለው። ስፋቱ፣ ቁመቱ፣ ከምን እንደሚሠራ፣ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ቁልፉ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ እሳት የሚከላከል መሆን አለመሆኑ ይሞላል። መጀመሪያ ቅጣት መስሎኝ ነበር። ከዚያ አንዱ በር ሲከፈት የመብራት ማብሪያውን ከኋላው እንደሚደብቀው አየሁ። ማታ የገባ ሰው በሩን መልሶ ዘግቶ በጨለማ ግድግዳ መዳበስ ሊኖርበት ነው። ማብሪያውን በእጀታው በኩል አዛወርነው። ሁለት ሰው ብቻ ነው ያወቀው፣ እኔና አለቃዬ።

ይሄን ማንም ስላይድ ላይ አያወጣውም። አራተኛ ዓመት ላይ ቢነግሩኝ ግን ሙዚየሜ ራሱ ሌላ ይሆን ነበር።

ክርና_መርፌ
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ኮሌጁ የአርክቴክቸርና የዲዛይን ነው። እስካሁን የተወራው መስኮትና በር ብቻ ነው። የጨርቃ ጨርቅ፣ የኢንቴሪየር፣ የግራፊክና የምርት ዲዛይን ተማሪዎች የት ሄድን? በየዓመቱ አዳራሹን የምናስጌጠው እኛ፣ ፖስተሩን የምንሠራው እኛ፣ መድረኩ ላይ የሚወጣው አርክቴክት።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ባውሃውስ የሚባለው የጀርመን የዲዛይን ትምህርት ቤት በ1919 ቫይማር ላይ ሲከፈት ሴቶችን እቀበላለሁ ብሎ ነው የጀመረው። ከገቡ በኋላ ግን አብዛኞቹ ወደ ሽመናው ወርክሾፕ ተገፉ። ከእነሱ አንዷ ጉንታ ስቶልዝል ነበረች። እዚያው ተምራ በ1927 የሽመናው ወርክሾፕ ኃላፊ ሆነች። ተገፍተው የገቡበት ክፍል ጨርቁን ለፋብሪካ እስከ መሸጥ ደረሰ። ማርሴል ብሮየርም እዚያው ተማሪ ነበር፤ በኋላ የቤት ዕቃ ወርክሾፑን መራ። ተመራቂ ማለት ለእኔ እንደዚህ ነው። ተመልሶ ወርክሾፑ ውስጥ የሚገባ።

(ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትጣሉኝ።)

ኤ_ዜሮ
ልክ ነሽ፤ ርዕሱን የጻፍኩት ከራሴ ጠረጴዛ ሆኜ ነው። እናንተ ጋ የወርኪንግ ድሮዊንግ አቻው ምንድን ነው?

ክርና_መርፌ
ናሙናው ነዋ። ከምርቱ በፊት የተጣሉት ናሙናዎች። አንድ ጨርቅ ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ቀለሙ ታጥቦ ለቅቋል፣ ክሩ ተስቧል፣ ዲዛይኑ ለማሽኑ ስፋት አልገጥም ብሎ ተቀይሯል። ለምርት ዲዛይን ደግሞ ፕሮቶታይፑ። የተሰበረ እጀታ፣ እጅ ውስጥ አልመች ያለ ቅርጽ። ሣጥን ሙሉ የተጣለ ነገር ይዞ የሚመጣ ተመራቂ እፈልጋለሁ። በእጃችን እንንካው።

ሕንፃ_የለኝም
አርክቴክቸር ተመርቄያለሁ። ሕንፃ ግን የለኝም። ለቪዲዮ ጌም ከተሞችንና ክፍሎችን እሠራለሁ። እስከ ዛሬ አንድም የተመራቂዎች ቀን ተጠርቼ አላውቅም። የጋራ ፎቶው ላይ ስለሌለሁ የሞትኩ መስሏቸው ይሆናል።

ከባቻችን ውስጥ አንዷ የፊልም መድረክ ትሠራለች። አንዱ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ሌላው ከእንጨት ወንበር ይሠራል፣ ደስ ብሎት። አምስተኛ ዓመት ላይ «ይሄ ሙያ ለእኔ ነው ወይ?» ብሎ በድብቅ የሚጨነቅ ተማሪ መኖሩን አውቃለሁ፤ እኔ ነበርኩና። እኛን ያየ ተማሪ ትምህርቱን ያቋርጣል ብላችሁ አትፍሩ። እንደውም ይረጋጋል። እኔ ሴክሽን ማሰብ የተማርኩት ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ተጫዋቹ ከጠባብ ኮሪደር ወጥቶ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ሲገባ የሚሰማውን ነገር የምሠራው በዚያው ትምህርት ነው።

ሰኞ_ጁሪ
አስተማሪ ነኝ። ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። ተመራቂ መጣ ብላችሁ ጁሪ ላይ፣ የተማሪ ሥራ ከሚገመግሙት ጋር፣ አታስቀምጡት፤ ቢያንስ ወዲያው አይሁን። አንዳንዱ የሚመጣው ሥራ ሊያይ አይደለም፤ የድሮ ቂሙን ሊወጣ ነው። «እኛ ጊዜ ሞዴላችንን ፊት ለፊታችን ነበር የሚሰብሩት» ይላል፣ ያውም በኩራት። ከዚያ ምን እንደሚከተል ታውቁታላችሁ። አንዲት እንቅልፍ ያጣች ልጅ ትቆማለች። ፕላኗ ላይ አንድም ቃል ሳይባል ስለ ኮንሰፕቷ «ግጥም ነው እንዴ?» ተብላ ትቀመጣለች።

ጥሩ ጁሪ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ጣቱን ሉሁ ላይ ያደርጋል። «ከዚህ በር የገባ ሰው ምን ያያል?» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪዋ ስትመልስ ችግሩን ራሷ ታገኘዋለች። ይሄን የሚችል ተመራቂ ካለ ነገ ይምጣ።

ሌላው የእንቅልፍ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የአርክቴክቸር ተማሪዎች ማኅበር በ2002 በዚሁ ጉዳይ ላይ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። ሌሊቱን ማደር እንደ ጀግንነት መቆጠሩን፣ ውድድሩ ከመተጋገዝ መብለጡን፣ የጁሪውን አካሄድ ተቸ። ከዚያ በኋላ እዚያ ለትምህርት ክፍሎቹ ዕውቅና የሚሰጠው ቦርድ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ስለ ስቱዲዮ ባህሉ በጽሑፍ ፖሊሲ እንዲኖረው ጠየቀ። ነገሩን ያስነሡት ተማሪዎች መሆናቸውን ልብ በሉ።

የድሮ_ቲስኩዌር
ስለ ጁሪው እስማማለሁ። ስለ ሌሊቱ ግን ትንሽ ይቆጨኛል። የዕድሜ ልክ ጓደኞቼን ያገኘሁት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አንዱ ሙጫ ሲያልቅበት ከሌላው ይለምናል። አንዱ ሲያንቀላፋ ሌላው የሞዴሉን ዛፎች ይተክልለታል። ዛሬ ሥራ ሲከብደኝ የምደውለው ለእነሱ ነው። ይሄን በፖሊሲ ታመጡታላችሁ?

ፎም_ቆራጭ
ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወም። ጓደኛ የሰጠዎት እንቅልፍ ማጣቱ አይመስለኝም። አንድ ክፍል ውስጥ አብራችሁ መሥራታችሁ ነው። እኛ አሁን ሌሊቱን የምናድረው እየብቻችን ነው፣ በየዶርማችን፣ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጠን፣ ሬንደሩ (ኮምፒውተሩ የሚያወጣው የሕንፃ ምስል) 62 በመቶ ላይ ተገትሮ። እንቅልፉም የለም፣ ጓደኛውም የለም። ዛፍ የሚተክልልኝ ሶፍትዌሩ ነው።

ሰኞ_ጁሪ
ይሄ ልጅ ዛሬ ጥሩ ጥሩ ነገር እየተናገረ ነው።

አርክቴክቱ ሚስ ቫን ደር ሮኸ ቺካጎ ላይ የሠራው ክራውን ሆል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1956 የተመረቀ የአርክቴክቸር ትምህርት ቤት ነው። የላይኛው ፎቅ በሙሉ አንድ ክፍል ማለት ይቻላል። ውስጡ አንድም ምሰሶ የለም፤ ጣሪያው ከላይ በሚያልፉ አራት ግዙፍ የብረት ተሸካሚዎች ላይ ተንጠልጥሏል። ድምፁ ይረብሻል የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ግን ጀማሪው አንገቱን ቀና ሲያደርግ አንጋፋው ተማሪ ምን እየሠራ እንደሆነ ያያል። ሕንፃው ራሱ ያስተምራል። እኛ ግን በየዓመቱ በየክፍሉ ቆልፈናችኋል።

ፎም_ቆራጭ
ሞዴል የምንሠራበትን ፎም ቦርድ መቁረጥ ያስተማረኝ አንድ የአምስተኛ ዓመት ልጅ ነው፤ የተሳሳተ ክፍል ገብቶ። እኔ ካተሩን ተጭኜ በአንዴ ልቆርጥ ስታገል አየኝ። ቀማኝና አሳየኝ። በብረት ማስመሪያ፣ በቀላሉ፣ ሦስት ጊዜ ማለፍ። መጀመሪያ የላዩን ወረቀት፣ ቀጥሎ ፎሙን፣ መጨረሻ የታቹን ወረቀት። የደነዘውን የምላጭ ጫፍ ቶሎ ቶሎ መስበር፣ ምክንያቱም የደነዘ ምላጭ ፎሙን ይቦጭቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። «በል» ብሎኝ ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም። የስሜ ምንጭ ግን እሱ ነው።

ባለ_ቢ
ሁሉም ስለ ድሮዊንግ ሲያወራ እኔ ስለ ነጥብ ልጠይቅ። ዲዛይን ላይ ቢ ነው የማገኘው፤ ሁሌ ቢ። ከፍተኛ ነጥብ ያላቸው ብቻ ተመራቂዎቹን እንዲቀበሉ ሲመረጡ አያለሁ። እኛ ወንበር እናመቻቻለን። ይሄስ ይቀራል?

ክርና_መርፌ
ማያ ሊንን ፈልጊያት። አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ስትማር ለአንድ ኮርስ የሠራችውን ፕሮጀክት በዋሽንግተን ለቬትናም ጦርነት መታሰቢያ ውድድር አስገባችው። ዓመቱ 1981 ነው፤ ዕድሜዋ 21። 1,421 ሥራዎች ቀርበው ነበር። ስም አይታይም፤ ቁጥር ብቻ። የእሷ አሸነፈ። እና ኮርሱ ላይ ያገኘችው ነጥብ? ቢ።

አዲስ_ቢሮ
እሷን እየጠቀስን ሁላችንንም አናሞኝ። እንደዚያ የሚሆን ሰው ስንት አለ? እኔን ይበልጥ የሚያጽናናኝ አርክቴክቷ ዛሃ ሃዲድ ናት። ለንደን ከአርኪቴክቸራል አሶሲዬሽን ትምህርት ቤት የተመረቀችው በ1977 ነው። ስሟን ያስጠራው የመጀመሪያ ትልቅ ሕንፃ፣ ጀርመን ያለው የቪትራ የእሳት አደጋ ጣቢያ፣ ያለቀው በ1993 ነው። እስከዚያ ስትስልና ስታስተምር ነበር። ተመራቂ መድረክ ላይ ሲወጣ በመሃል ስላሉት እንደዚህ ዓይነት ዓመታት ቢያወራ ነው የምመርጠው። ኪራይ በምን ከፈልክ? ተስፋ የቆረጥከው መቼ ነው? መጀመሪያ ያስከፈልከው ምን ያህል ነው፣ ደንበኛውስ ምን አለህ?

ሕንፃ_የለኝም
የገንዘቡን ጥያቄ አጥብቃችሁ ያዙ። ከኮሌጅ ስወጣ ስለ ቦታና ብርሃን አንድ ቀን ሙሉ ማውራት እችል ነበር። ውል ማንበብ ግን አልችልም። ክፍያ በየምዕራፉ እንደሚከፋፈል፣ ደንበኛው ሐሳቡን ሲቀይር ተጨማሪው ሥራ በማን ሒሳብ እንደሆነ ያስተማረኝ የለም። አንድ ተመራቂ ስሙ የተሸፈነ ውል ይዞ ቢመጣ ከአሥር ስላይድ ይበልጣል።

ባለ_ቢ
ለክርና መርፌ አመሰግናለሁ። ለአዲስ ቢሮም፣ እያመመኝ። ታዲያ ሳይመረቁ የሠሩ ሌሎች የሉም?

ሰኞ_ጁሪ
አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ አለ። በርሊን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያለ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ለተወለደባት ለጋንዶ መንደር ትምህርት ቤት ለመሥራት ገንዘብ አሰባሰበ። ትምህርት ቤቱ በ2001 አለቀ። እሱ የተመረቀው በ2004 ነው፤ በዚያው ዓመት ሕንፃው የአጋ ኻን የአርክቴክቸር ሽልማትን አገኘ። በ2022 ደግሞ ትልቁን የአርክቴክቸር ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ ወሰደ።

እኔ ለተማሪዎቼ የማሳያቸው ግን ሽልማቱን ሳይሆን ሴክሽኑን ነው። ግድግዳው ከተጠቀጠቀ የሸክላ አፈር ብሎክ ነው። ከላዩ አየር የሚያስወጣ ኮርኒስ አለ። የቆርቆሮው ጣሪያ ከኮርኒሱ ተነጥሎ ከፍ ብሎ ቆሟል። ሙቀቱ በመሃላቸው ይወጣል። ቆርቆሮው ከክፍሉ ላይ በቀጥታ ቢያርፍ ኖሮ ልጆቹ ይጠበሱ ነበር። አንድ ሴክሽን ነው ሁሉንም የሚነግራችሁ። ዞሮ ዞሮ ኤ ዜሮ ያነሣችው ሐሳብ ጋ ደረስን።

ኤ_ዜሮ
ከጓደኞቼ ጋር ሁሉንም አንብበን ተነጋገርን። እስካሁን የተስማማንበት ይሄ ነው። አዳራሹ ይቀራል። ቦታው ስቱዲዮ ይሆናል፤ የሁሉም ዓመት ተማሪ አንድ ላይ፣ በሮቹ ተከፍተው። በእያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ተመራቂ አንድ ነገር ይዞ ይቀመጣል። ሉህ፣ ናሙና፣ የተሰበረ ፕሮቶታይፕ፣ ውል፣ የበር ሠንጠረዥም ቢሆን። ተማሪው እየተዘዋወረ ይጠይቃል። ጁሪ የለም። የሚቀበሉት በነጥብ አይመረጡም፤ ባለ ቢ፣ አንቺ መጀመሪያ ተመዝገቢ።

ያልተስማማነው ቀኑ ላይ ነው። ጓደኞቼ ቅዳሜ ይሁን ይላሉ። እኔ ተራ የሥራ ቀን ይሁን እላለሁ፣ ማክሰኞ ለምሳሌ። ቅዳሜ ከሆነ ተመልሶ ሥነ ሥርዓት ይሆናል። ንግግር የሚያደርግ ሰው ይመጣል፣ ሪባን ይመጣል።

አዲስ_ቢሮ
ማክሰኞ ለእኔ ከባድ ነው። አለቃዬን ማስፈቀድ አለብኝ። «ለትምህርት ቤቴ ነው» ስለው «እኔስ ለምን አልተጠራሁም?» እንዳይለኝ ነው የምፈራው። እሱም የዚያው ኮሌጅ ምሩቅ ነው።

ኤ_ዜሮ
ይዘኸው ና! ምን ይዞ እንደሚመጣ ብቻ አስቀድመህ ንገረኝ።

አዲስ_ቢሮ
ስላይድ ነው የሚያመጣው። አውቀዋለሁ።

ክርና_መርፌ
ፖስተሩን እኛ እንሠራለን፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። የጨርቅ ጠረጴዛው መስኮቱ አጠገብ ይሁን። ቀለም በአምፖል ብርሃን አይታይም።

የድሮ_ቲስኩዌር
ማክሰኞም ቅዳሜም ይመቸኛል። የመስኮቱን ባለቤት ዛሬ ደውዬ አስፈቅጃለሁ፤ «የትኛው መስኮት?» ብሎ ሳቀብኝ። ሉሁን ከአራት ጫፉ የሚይዝ ከባድ ነገር አዘጋጁ፤ ለዓመታት ተጠቅልሎ ስለኖረ በቀላሉ አይዘረጋም።